ጭሱ ይዞት የሚወጣው እሳት

ያኔ የእኔ ሥራ መሸጥ ነበር። ወንድሜ ጋሻው ይሠራል፣ እኔ እሸጣለሁ። ቄራ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ግቢ ውስጥ አንድ ትንሽ የብርጭቆ እቶን ነበረን። ከየመጠጥ ቤቱ የሚጣለውን የጠርሙስ ስባሪ ሰብስበን፣ አጥበን፣ አቅልጠን ብርሌ እናወጣለን። እኔ ብርሌውን ጭድ በተነሰነሰበት ካርቶን ደርድሬ በታክሲ ካዛንቺስ አወርድና ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እዞራለሁ። አፍ ነበረኝ። አንገቱ የተጣመመውን ሳይቀር «ይሄ እኮ በሰው ትንፋሽ የተነፋ ነው፤ የፋብሪካ መሰለዎት እንዴ? እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው» ብዬ እሸጠው ነበር።

ስለ እሳቱ ግን ምንም አላውቅም። ማለቴ፣ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፣ በቃ። አባታችን ከሽሬ መጥቶ ዕድሜውን በሙሉ ጠርሙስ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሙያው ለጋሻው ተላለፈ፤ ለእኔ የደረሰኝ ትግርኛው ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰው ሰይድ ነበር፤ ወሎ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከደሴ የመጡ በያጅ። እቶኑን ከጋሻው ጋር የገነባው እሱ ነው። የምናነደውን የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ከየጋራዡ እየዞረ የሚያመጣው እሱ ነበር።

የብርጭቆ እቶን አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ሲያሻችሁ የምታጠፉት፣ ሲያሻችሁ የምታቀጣጥሉት አይምሰላችሁ። ሆዱ ውስጥ ብርጭቆው ቀልጦ የሚቀመጥበት የሸክላ ገንዳ አለ። እሳቱ ጠፍቶ ገንዳው ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሥራ ኖረም አልኖረም መንደድ አለበት።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያችን ያፈስ ነበርና የተከመረው ስባሪ ርሶ ሰንብቷል። ጋሻው እንደ ወትሮው በአካፋ ዝቆ ወደ እቶኑ አፍ ወረወረው። መሃሉ ላይ ውኃ ያቆረ ነገር ነበረበት መሰለኝ፣ ከቀለጠው ጋር ሲገናኝ እንደ ጥይት ጮኸ። እኔ በሩ ላይ ካርቶን እያሰርኩ ነበር። ቀና ስል ወንድሜ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላው ሲሄድ አየሁት። አልጮኸም። «ትርሲት፣ ውኃ» ብቻ አለኝ።

ሐኪሞቹ ዓይኑን አተረፉለት። የግራው ግን ብርሃኑ ደከመ፤ ጉንጩም ላይ ጠባሳው ቀረ። ቤት ከገባ በኋላ ስለ እቶኑ ያነሳንበት እንደሆነ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ብርሌ መንፋት የሚችለው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። እኔና ሰይድ አንዲት ብርሌ ሳናወጣ፣ ገንዳው እንዳይሰነጠቅ ብቻ፣ ባዶ እሳት እያነደድን ከረምን።

በዚያ ላይ ዘይቱ ጠፋ። ጎተራ ላይ ኮንዶሚኒየሞቹ በአጠና ታጥረው ወደ ላይ እየወጡ ነበር። ሲሚንቶው ጣውላው ላይ እንዳይጣበቅ ሠራተኞቹ የሚቀቡት ያንኑ የእኛን የተቃጠለ ዘይት ነው። ጋራዦቹ ለእነሱ መስጠት ጀመሩ። ካዛንቺስ አዲስ ለሚከፈት የባህል ምግብ ቤት ደግሞ እኔ ብርሌ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰይድ የዘይቱን በርሜል በብረት ቆረቆረው። ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«ትርሲዬ፣ የመጨረሻው ነው» አለኝ። «ከነገ ወዲያ አይዘልቅም። እናጥፋው።»

«ገንዳውስ?»

«ይሰነጠቃላ።»

«ሌላ ገንዳ ከየት ልናመጣ ነው?»

ጓንቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። ሰይድ ዝም የሚል ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በእርጥብ አንሶላ የተሞላ ሳፋ ታቅፈው ገቡ። ካዛንቺስ ላሉ ፔንሲዮኖች ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው።

«ልጆቼ፣ ይቺን ግድግዳችሁን አውሱኝ» አሉ። «ዝናቡ ምንም አላደርቅ አለኝ። ፔንሲዮኑ ደግሞ እንግዳ መጥቶብኛል፣ አንሶላ አምጪ እያለ ያፋጥጠኛል።»

«የትኛውን ግድግዳ፣ እትዬ?»

«ያቺን የጭስ ማውጫውን። ድመቴ ጠፋች ባልኩ ቁጥር የማገኛት እሱን ተደግፋ ተኝታ ነው። እሷን ሳይ ነው የመጣልኝ።»

ሰይድ ገመድ ወጠረላቸው። አንሶላዎቹ ከጭስ ማውጫው ጡብ አጠገብ ተሰጡ። እኛ ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ እንፋሎቱ ከጨርቁ ላይ ይትጎለጎል ጀመር። እትዬ ዘነበች አንዱን አንሶላ ዳበስ አድርገው «ተባረኩ!» ብለው አጠፉት። ደርቋል።

እኔ ተነሥቼ መዳፌን ጡቡ ላይ አሳረፍኩ። ቶሎ ነው ያነሳሁት።

«ሰይዶ፣ ይሄ ሁሉ ሙቀት ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ሰማይ ነዋ።»

«በነፃ?»

«ምን በነፃ ነው፣ በእኛ ዘይት ነው እንጂ!» አለና እሱ ራሱ በተናገረው ደነገጠ። ሻዩን አስቀመጠ።

«አንሶላ ካደረቀ» አልኩት፣ «ስባሪውን አያደርቅም?»

ሰይድ ቆሞ የጭስ ማውጫውን ከታች እስከ ላይ አየው። የጠፋበት ወሬ ተመለሰለት። «ማድረቅ ብቻ? አንቺ፣ ስሚኝማ! እቶኑ ጉልበቱን የሚጨርሰው የቀዘቀዘውን ስባሪ ለማሞቅ እኮ ነው። ቀዝቃዛው ሲገባበት የቀለጠው ሁሉ ይረጋል፤ ጋሻው ደግሞ እንደገና እስኪቀልጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ዘይቱ ዝም ብሎ ይነድዳል። ስባሪው ቀድሞ ሞቆ ከገባ ግን... ወላሂ፣ ጭሱ ይዞት የሚወጣው እሳት እኮ የእኛው ነው!»

በኋላ እንደሰማሁት ይህን ነገር በትልልቅ የዓለም ፋብሪካዎች ከእኛ በፊት ያውቁት ኖሯል። እኛ ግን ማን ይነግረናል?

ወዲያው ወደ ቤት ሮጥኩ። ጋሻው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ደረቅ ሆኖ ነው የሚገባው። ዳግመኛ አይፈነዳም። አንድ ጊዜ መጥተህ እየው።»

«አጥፉት።»

«ካጠፋነው ገንዳው ይሰነጠቃል።»

«ይሰንጠቅ» አለኝ ፊቱን ሳያዞር። «የሰው ፊት ከሚሰነጠቅ ይሻላል።»

በር ላይ ቆሜ ጀርባውን ሳይ ቆየሁና ወጣሁ። ስመለስ ሰይድ ባዶ በርሜል እየቆረጠ ብልጭታው በግቢው ይረጭ ነበር። ምን አለ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ፊቴ ላይ አንብቦታል።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። በርሜሉን አቁመን ከሥሩ ፌሮ ብረት እንደ ወንፊት ዘረጋንበት። ስባሪው ከላይ ይሞላል። ከእቶኑ የሚወጣው ጭስ ከታች ገብቶ፣ በፌሮው መሃል አልፎ፣ በስባሪው ውስጥ ተሹለክልኮ፣ ከላይ ወደ ጭስ ማውጫው ይመለሳል። በርሜሉ ግርጌ ላይ የምትከፈት ትንሽ በር አለች፤ እሷ ስትከፈት የሞቀው ስባሪ በተዳፋት ላሜራ ተንሸራቶ እቶኑ አፍ ውስጥ ይወርዳል። ጭሱ በበርሜሉ በኩል እንዲያልፍ የድሮ መንገዱን በከፊል በጡብ ደፈንነው። ሰይድ ይበይዳል፣ እኔ ላሜራ እይዛለሁ፣ ጭቃ አቦካለሁ። ጣቶቼ ተላጡ። ሊመሽ ሲል እንዲደርቅ ትተነው ወደየቤታችን ገባን። ሌሊት ሌሊት እሳቱን የሚጠብቀው የሰይድ የአጎት ልጅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስንመጣ ሰማዩ ዳምኗል። በርሜሉን በስባሪ ሞላነውና ጠበቅን። መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ስባሪው ውኃውን እየለቀቀ ነው። ቀጥሎ ተለጥፎ የቀረ የጠርሙስ ወረቀት ተቃጠለና ግቢው ሸተተ። ከዚያ እንፋሎቱ ቆመ።

«ልክፈተው?» አለ ሰይድ።

«ቢስሚላህ በልና ክፈተው» አልኩት። እኔ ደግሞ አማተብኩ።

በሯ ስትከፈት ስባሪው እየተንሿሿ ወረደ። ሁለታችንም ከግድግዳው ጀርባ ተደብቀን ጆሯችንን አቆምን። ምንም የለም። አልፈነዳም፣ አልተንጣጣም። ጥቂት ቆይተን ስናይ ገንዳው ውስጥ ያለው አልረጋም። አዲሱ ስባሪ ጠርዙ እየለዘበ፣ እየሰመጠ፣ ከቀለጠው ጋር ተዋሃደ። ሰይድ አንስቶ አሽከረከረኝ። «ሠራ! ወላሂ ሠራ!»

ከዚህ በኋላ ያደረግነውን የተመለከተ ሰው ደስታ እንዴት እንደሚያሳብድ ይገባዋል። ይህን ያህል ከሠራ፣ የድሮውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ብንደፍነው ደግሞ የበለጠ ይሠራል ብለን አሰብን። የቀረችውን ክፍተት በጡብ ዘጋን፤ በርሜሉን እስከ አፉ ጢም አድርገን ሞላን። ጭሱ በሙሉ በስባሪው ውስጥ አለፈ። ለተወሰነ ጊዜ እቶኑ ከዚያ በፊት ነድዶ በማያውቀው ኃይል ነደደ።

ረፋዱ ላይ ሳል ጀመረኝ። ዞር ስል ጥቁር ጭስ በእቶኑ አፍ በኩል ወደ እኛ ይወጣል።

«ሰይዶ፣ ወዴት ነው እየሄደ ያለው?»

ሰይድ የበርሜሏን በር ሊከፍት ሞከረ። አልንቀሳቀስ አለች። በብረት ቢመታ፣ ስባሪው አይንኮሻኮሽም፤ እንደ ድንጋይ ሆኗል። መውጫ ያጣው እሳት እቶኑ አፍ ላይ ረጅም ምላስ አወጣ። ዘይቱን ወደ እቶኑ የሚያደርሰው ጎማ የሚያልፈው ከዚያ በክንድ ርቀት ላይ ነው። ጭሱ ጣሪያው ሥር ተጠራቅሞ ወደ ታች ይወርድብን ጀመር። ሰይድ ያለበትን በድምፁ ካልሆነ አላውቅም።

«ውጪ! ትርሲት፣ ውጪ!» ይለኛል።

መውጣት ፈልጌ ነበር። በሩ የት እንዳለ ግን ጠፋኝ። እጄን ዘርግቼ ቆርቆሮ ስዳብስ፣ ሌላ እጅ የሹራቤን ትከሻ ጨምድዶ ያዘኝና ወደ ውጭ ወረወረኝ። ጭቃው ላይ ወደቅኩ። ቀና ስል እርጥብ ፎጣ አፉ ላይ ያሰረ ሰው ተመልሶ ሲገባ አየሁ። በጠባሳው ነው ያወቅኩት።

«ዘይቱን! ሰይድ፣ ዘይቱን ዝጋ!»

ጋሻው ነበር። ቤታችን ከዳገቱ ላይ ነውና ከበረንዳው ጭስ ማውጫችን ይታያል። ጭስ ማውጫው ጭስ ማውጣት አቁሞ ግቢው በሙሉ ሲጠቁር አይቶ በነጠላ ጫማ ሮጦ ነው የመጣው።

ሰይድ ዘይቱን ዘጋ። ጋሻው ዲጂኖ አነሳና እኛ የደፈንነውን ጡብ መምታት ጀመረ። አንድ ሲፈርስ፣ ሌላው ሲፈርስ፣ የታፈነው ጭስ እንደ አውሎ ነፋስ እየጮኸ ወደ ላይ ተምዘገዘገ። ከእቶኑ አፍ ወጥቶ የነበረው ነበልባል ወደ ውስጥ ተመለሰ። ጣሪያው ሥር ያለው ጥቁር ነገር ቀስ እያለ ሳሳ፤ የሁለቱ ሰዎች መልክ ወጣ። ሁለቱም ከሰል መስለዋል።

ለረጅም ጊዜ ስንሳል ብቻ ነበር። ከዚያ ጋሻው በርሜሉን ዞረው። ከጎኑ ከፍቶ በብረት ወጋ ወጋ አደረገ። የተያያዘ የብርጭቆ ክምር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ከረሜላ ሆኖ ፌሮው ላይ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ያደረጋችሁት?»

ሰይድ ሁሉንም ነገረው። ጡቡን እንዴት በሙሉ እንደዘጋነው ሲነግረው ጋሻው ራሱን ያዘ።

«ብርጭቆ እኮ እንደ በረዶ ድንገት አይቀልጥም» አለ። «መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። የእሳቱን ሙቀት በሙሉ አመጣችሁበት፣ ተጣበቀና የእቶኑን ጉሮሮ ዘጋው።» ብረቱን አስቀመጠ። ቆጣ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። «ግማሹን ክፈቱት» አለ በመጨረሻ። «ግማሹ ጭስ በድሮው መንገድ ይሂድ፣ ግማሹ በስባሪው በኩል ይለፍ። እንዲሞቅ እንጂ እንዲለሰልስ አትፍቀዱለት። መክፈቻና መዝጊያ ሥራበት፣ ሰይድ፤ ሲበዛ ትከፍታለህ፣ ሲያንስ ትዘጋለህ።»

እኔና ሰይድ ተያየን። ወንድሜ ያን ሁሉ ሲናገር ከእቶኑ ፊት ቆሞ እንደነበረ እሱ ራሱ ያስተዋለ አይመስለኝም።

ዘይቱ እንደገና ተከፈተ፤ እሳቱ ተነሣ። ገንዳው አልተሰነጠቀም። የተጣበቀውን ፈልፍለን አውጥተን፣ በርሜሉን እንደገና ሞልተን፣ ሰይድ ላሜራ ቆርጦ ጭሱን የሚከፍል መዝጊያ አበጀ። ከሰዓት በኋላ ስባሪው ደርቆ፣ ሞቆ፣ ሳይጣበቅ ደረሰ። ጋሻው ያኔ ነው ወደ ኋላ ማፈግፈግ የጀመረው። ከግድግዳው ጀርባ ሄዶ ቆመ።

«ደረቅ ነው?» አለኝ።

«ደረቅ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የምለቀው» አልኩት። «አንተ እዚያው ሁን።»

ፍርሃቴን እንዳያይብኝ ጀርባዬን ሰጠሁትና በሯን ከፈትኩ። ስባሪው ወረደ። ገንዳው ዝም አለ። ደግሜ ለቀቅኩ፤ ዝም አለ። ሦስተኛውን ስለቅ ጋሻው ከግድግዳው ጀርባ ወጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። በደህናው ዓይኑ ወደ ገንዳው አጎንብሶ አየ።

«አረፋ የለውም» አለ በቀስታ። «እንዴት ጠርቷል!»

የመንፊያውን ቧንቧ ከግድግዳው ላይ አወረደ። የመጀመሪያው ከቧንቧው ጫፍ ተንጠባጥቦ መሬት ወደቀ። በአንድ ዓይን ርቀቱን መለካት አቅቶት ነው። ሁለተኛውን ሲያወጣ ሰይድ ከግራው በኩል ቆሞ «ትንሽ ቀኝ፣ ጋሻው... እዚያ ጋ፣ በቃ» ይለው ጀመር። ወንድሜ ጉንጩን ሞልቶ ነፋ። ጠባሳው ተወጠረ። ቀይ የነበረው ኳስ ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ረዘመ፣ ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ብርሌ ነበር። እኔ ቆርቆሮውን ተደግፌ አለቀስኩ።

በዚያች የመጨረሻ ዘይት ካሰብነው በላይ ሠራን። ያ ዘይት እስኪያልቅ ሰይድ ዱከም ድረስ ሄዶ የሚሰጡን ጋራዦች አገኘ። ለምግብ ቤቱ ቃል የገባሁትን ብርሌም አደረስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የቀና እንዳይመስላችሁ። በርሜሉ ቶሎ ይበላል፤ ይቀየራል። ስባሪውን በደንብ ካላጠብነው አቧራው ጭሱን ያበላሻል፤ ጎረቤትም ይከሰናል። እኔ ግን የዚያን ዓርብ የነበርኩት ሴት ሆኜ አልቀረሁም። መሸጡን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወደ እሳቱ ገባሁ። ለምን እንደተጣበቀ፣ ለምን እንደታፈነ ሳላውቅ ሁለተኛ እንዳይደርስብኝ ብዬ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። አሁን የእኔ ሥራ እቶን መሥራት ነው። ግቢያችን ለልማት ከፈረሰ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን ሰፊ ቦታ ይዘናል። የጡብና የሸክላ ሠራተኞች ሳይቀሩ እየመጡ ያዩታል። ሙቀት ሲባክን ሳይ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆማ ጭስ ማውጫ የምታይ ሴት ካጋጠመቻችሁ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ዓመት በስህተት ሳወራ ኖሬያለሁ። በቅርቡ ከሸክላ ሠሪዎች ለመጡ እንግዶች ታሪኩን እየነገርኩ ነበር። «ወንድሜን ወደ ሥራው የመለሰችው ያቺ በርሜል ናት» አልኳቸው፤ ሁልጊዜ እንደምለው። ጋሻው ከኋላዬ ሆኖ ሳቀ።

«በርሜሏማ ልትገድልሽ ነበር» አለ።

እንግዶቹ ሳቁ። እሱ ግን ሳቁን አቆመ።

«ከበረንዳው ላይ ሳይ እቶኑ ትዝ አላለኝም» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ እንደሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ውስጥ ነሽ ብዬ ነው የሮጥኩት። ካወጣሁሽ በኋላ ነው እሳት ፊት እንደቆምኩ የገባኝ። ፈርቼ ነበር እኮ፤ ግን መሸሽ የሚባለው ነገር አልመጣልኝም፣ ሰይድ ገና ውስጥ ነበረ።»

ይህን ሁሉ ዓመት አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም ነበር፤ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ። እንግዶቹ ስለ መዝጊያው ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈቱ። ትንሽ ታገሡኝ አልኳቸውና ወንድሜን አቀፍኩት።